ክብርት ተፈታኝ እና ጀልባ ቀዛፊው

በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ሹም አይቻለሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም። ተፈታኝ ሲያጠና ሬዲዮ ይዘጋል፣ በበሩ ኮቴ ሳይሰማ ይታለፋል፣ ማሳል እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። እናንተም ቤት አንድ ሳይኖር አይቀርም። የእኛዋ የልጄ ልጅ ናት። አምና በእንግሊዝኛ ወድቃ ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ ትቀመጣለች፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። እኔ "ክብርት ተፈታኝ" እላታለሁ፤ በልቤ ነው እንጂ ፊት ለፊቷስ ማን ደፍሮ።

ክብርትነታቸው የሚከልሱት የእንግሊዝኛውን ሥነ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ምንም ነገር እንዲያው ዝም ብሎ መሆን አይችልም። ሰማዩ ሲያጉረመርም "ይሄ ንግር ነው፤ የሚመጣውን እየጠቆመን ነው" ይላሉ። የመጣው ዝናብ ነው። ጣሪያችን ያፈሳል፤ ባልዲ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደግሞ ነርሷ ልጄ ሆስፒታል ቆማ ስትሠራ ውላ ገባችና ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ዝም አለች።

"አባባ፣ የእማዬ ዝምታ ተምሳሌት ነው አይደል?"

"የምን ተምሳሌት! እግሬ አብጦ ነው" አለች እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ይልቅ ያንን በርጩማ አቀብይኝ።"

በየግድግዳው ባለቀለም ወረቀት ተለጥፏል። ቁምሳጥኑ ላይ "ጭብጥ፦ ስግብግብነት"፣ ጢሜን የምላጭበት መስታወት ላይ "ጭብጥ፦ ብቸኝነት"። በዚህ ዕድሜዬ በየማለዳው ብቸኝነት ሥር ቆሜ ጢሜን እላጫለሁ። ደክሞኛል፤ አልዋሽም።

እኔ አናጺ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ከጡረታ በኋላ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ። ስለዚህ ሳነብ በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ አንዲት ቃል አላልፍም። ለፈተናው የታዘዘውን የእንግሊዝኛ አጭር ልቦለድ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁትና አነሳሁት። ሽፋኑ ገና አዲስ ነው። በሚቀዝፍበት ወንዝ ላይ ድልድይ ስለተሠራበት አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ይተርካል። ጨርሼው እስክነሳ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ክብርትነታቸው ማስታወሻቸውን ይዘው እየተንጎራደዱ በቃላቸው ይወጡት ነበር። "ውሻው የታማኝነት ተምሳሌት ነው። የውሻው መሞት የጭብጡ ማጠንጠኛ ነው።"

"የቱ ውሻ?" አልኳት።

"የቀዛፊው ውሻ ነዋ፣ አባባ።"

"ቀዛፊው ውሻ የለውም።"

"አለው! ይኸው እዚህ ተጽፏል እኮ።"

"የኔ ልጅ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ውሻ ቀርቶ ዶሮ እንኳ የለበትም።"

ነገሩ ቆይቶ ገባን። ማስታወሻውን ከጓደኛዋ ገልብጣለች፤ ጓደኛዋ ከእህቷ፣ እህቷ ከሌላ ተማሪ። መሃል ላይ የሌላ መጽሐፍ ማስታወሻ ገብቶ አብሮ ሲገለበጥ ኖሯል። መጽሐፉን ገልጦ ያመሳከረ አንድም ሰው አልተገኘም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ማዕረጓ ሁሉ ከላይዋ ረገፈ።

"አባባ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "እኔ አምና ስለዚያ ውሻ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ።"

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

ሦስቱን ቀን አብረን አነበብን። እኔ አንድ ገጽ፣ እሷ አንድ ገጽ፤ እሷ አነባበቤን እያረመች፣ እኔ "አትሩጪ" እያልኳት። መጀመሪያ ላይ በየአንቀጹ ቆማ "ይሄ ሰውኛ ዘይቤ ነው፣ ይሄ ምፀት ነው" ትል ነበር። ቀዛፊው ሰው ሁሉ በድልድዩ ሲያልፍ እያየ ባዶ ጀልባውን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስበት ቦታ ስንደርስ ግን የዘይቤ ስም መጥራቱን ተወችው። "ይቀጥሉ" ብቻ አለችኝ።

የፈተናው ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። ሌሎቹ እየተጯጯሁ መልስ ሲያመሳክሩ እሷ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"እንዴት ነበር?"

"'ቀዛፊው በድልድዩ ለመሻገር ለምን እምቢ አለ?' ነው ያሉት። አራት ገጽ ጻፍኩ።" ቆም አለች። "ግን አባባ፣ አንድም የዘይቤ ስም ሳልጠቅስ ወጣሁ። ረሳሁት።"

ዓመት ሙሉ ቤቱን በዘይቤ ስታስጨንቅ ከርማ! ውጤቱ የሚወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ምን ብዬ እንደማጽናናት ሳሰላስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ቆይ ግን፣ ሰውዬው ከዚያ በኋላ ተሻግሮ ይሆን?"

"መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?"

እስከዚያች ቀን ድረስ ስላነበብኩት መጽሐፍ ምን እንደሚመስለኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጉልበቴ ዝሎ ነበር፤ ወደ ቤት የሚወስደው አቋራጭም ፊታችን ነበር። ረጅሙን መንገድ ያዝኩ።