የሁለት ቤት ፊታውራሪ

እናንተ ቤት ቅድመ አያት እንዴት እንደሚመረጥ አላውቅም። እኛ ቤት እንደ ጋቢ ነው፤ ደህናው ይለበሳል፣ ያደፈው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። አያቶቼ ከሸዋ መጡ የሚል የአርሲ ሰው ሁሉ፣ አያቶቹ የመጡት በፈረስ ነው። በእግሩ የመጣ የለም። ታዲያ ለዚያ ሁሉ ፈረስ ሣሩን ማን አጨደ?

ተናድጃለሁ፤ ታገሡኝ።

እህቴ ሰናይት የአርቦዬ ልጅ ወደደች። የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች አሰላ ተቀምጠው፣ እንደ ደንቡ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጠሩ። እኛ ገና አራተኛው ላይ አንድ ፊታውራሪ ዘንድ ደረስን። እነሱም እዚያው ሰውዬ ዘንድ ደረሱ። ዘመድ ነን ማለት ነው፤ ጋብቻው ቀረ። ሰናይት ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

እኔ አላመንኩም። ጎበሳ አጠገብ ፊታውራሪው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ የድሮውን ወንጌል ገለጡልኝ፤ ሕንፃው ሲሠራ ማን ምን እንደ ሰጠ ኅዳጉ ላይ ተጽፏል። የፊታውራሪው ልጆች በየስማቸው አሉ። የአያቴ አባት ወልዴ ከነሱ ውስጥ የለም። ከታች ነው ያለው፦ «የፊታውራሪው በቅሎ ጫኝ ወልዴ፣ አንድ በሬ።»

በቅሎ ጫኝ ሆኖ በሬ የሰጠ! ኮራሁ። ፎቶ አንስቼ ኢተያ፣ አጎቴ ጋሼ በቀለ ቤት በረርኩ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዘመድ አይደለንም።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«አንተ፣ የበቅሎ ጫኝ ዘር ልታደርገን ነው?»

«እኔ አይደለሁም፤ ወንጌሉ ነው።»

«አባቴ መቃብር ላይ ‹የፊታውራሪ የልጅ ልጅ› ብዬ በእብነ በረድ አስቀርጫለሁ! አቦ፣ ፊታውራሪውን አርቦዬዎቹ ይልቀቁ። ዘራቸው ላይ የለጠፉት እነሱ ናቸው!»

አርቦዬ ደወልን። እነሱም እኛ እንድንለቅ ጠየቁን።

አያችሁልኝ? ልጅ እያለቀሰች፣ ሁለት ቤት የማያውቁትን ሙት ይጓተታል። በሬውን የሰጠውን ሰውዬ ግን ልውሰድ የሚል ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡና መላ አገኙ፤ ሰናይት ማደጎ ናት ተባለ። ፊታውራሪውን ከሚለቁ ልጅቷን ለቀቁ። እናቴ «ያማጥኩት እኔ!» ብላ ስትነሣ፣ ሰናይት እጇን ያዘች።

«ተይ እማዬ። ማደጎ ነኝ።»

የሠርጉ ዕለት ጋሼ በቀለ ሊመርቁ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ከፊታውራሪው ዘር ባትሆኚም፣ ተባረኪ።»

ሰናይት ከሁላችን ቀድማ «አሜን» አለች።