ክቡር እስቲ-እንየው

ስብሰባ ባለበት ሁሉ፣ ሰው ኮቱን ለብሶ ሊነሳ ሲል እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደን ማኅበር የደረሱት ንብ አናቢው ናቸው። ስማቸውን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ ክቡር እስቲ-እንየው እንላቸዋለን።

ከብት አርቢዎች፣ ማገዶ ለቃሚ ሴቶች፣ እኔን መሰል አናጺዎችና አንዲት የደን ባለሙያ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ስንስማማ፣ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «እስቲ ሄደን እንየው።»

«ጋሼ፣ ዕቅዱ እኮ ማኅተም አርፎበታል፣» ትላለች ባለሙያዋ።

«ዛፎቹ ማኅተሙን አይተውታል?»

እንሄዳለን። የደኑ ጭጋግ ውስጥ ስንገባ የፊተኛው ሰው ጀርባ ይጠፋል፤ የገዛ ድምፃችን ከሩቅ የመጣ ይመስለናል። አንድ ዓመት ከብት እንዳይገባ ከለከልን፤ ሣሩ ወገብ ደርሶ ደረቀና እሳት ፈራን። ጥቂት ላሞች አስገባን። ላሞቹ ችግኝ ቀመሱ። አስወጣን። አንዱ አርቢ «ከእኔ ይልቅ ላሞቼ ስብሰባ ለምደዋል» ሲል፣ ክቡርነታቸው እንደ ምስጋና ተቀበሉት።

ባለፈው ወር የነኩት ነገር ግን የእኔ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ በተከለለው ችግኝ መሀል የሚያልፈው አቋራጭ ለማገዶ ለቃሚዎች እንዲከፈት ጠይቃ ነበር። ድምፅ ተሰጠ፤ አልተከፈተም። ሴቶቹ እስካሁን ዳገቱን ይዞራሉ። እሷ ካረፈች ወዲህ ማንም አላነሳውም፤ እኔም እንዲነሳ አልፈለግሁም።

«የእሷ ጉዳይ አላለቀም፣» አሉ ክቡርነታቸው።

«ይተዉት፣ ጋሼ።»

«እኔ ብተወው ሴቶቹ መዞራቸውን ይተዋሉ፣ ልጄ?»

አንድ እስር ማገዶ አስመጡና እየተቀባበልን በዳገቱ ዞርን። ባለሙያዋ ተሸከመች። አርቢው ተሸከመ፤ ዳገቱ መሀል ላይ ቀልዱ አለቀበት። ጭጋጉ ዛፎቹን አንድ በአንድ እያሳየን መልሶ ይወስዳቸዋል። ከፊታችን ማገዶ ያዘሉ ሴቶች የሚሄዱ መሰለኝ፤ የአንዷን አረማመድ አውቀዋለሁ። ስንደርስ ጭጋግ ብቻ ነበር።

አናቱ ላይ ሰብሳቢያችን ላቧን ጠርጋ ድምፅ ጠየቀች። የሁሉም እጅ ወጣ። አቋራጩ ለአንድ በጋ ይከፈት፣ ችግኙ ከተጎዳ እንደገና እንነጋገርበት ተባለ። ክቡርነታቸው የሚከራከሩት ሰው አጥተው ትንሽ ቅር አላቸው።

ቁልቁል ስንወርድ ተራው የእኔ ሆነ። ገመዱ ትከሻዬ ላይ፣ ልክ እሷ ማታ ማታ የራሷን ትከሻ ቅባት ትቀባበት በነበረው ቦታ ላይ አረፈ።

መንደር ስንገባ ክቡርነታቸው ማገዶውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠኋቸውም። እጃቸውን ሰበሰቡና እርምጃቸውን ከእኔ ጋር አስተካክለው እስከ ደጃፌ አብረውኝ ሄዱ።