ጋሼ ሮበሌ የመካኒሳን ጀልባ ወልውለው እንዳስገበሩ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ክረምቱ ወጥቶ የመካኒሳ ጭቃ ወደ አቧራ በተመለሰበት በወርኃ ጥቅምት፣ ውሃ በፈረቃ መብራትም በፈቃዱ በሚነግሡበት ዘመን፣ ሞዓ ኖራ ዘእምነገደ መካኒሳ፣ ሥዩመ ገላኔ፣ ባለ ጀልባው ጋሼ ሮበሌ ኮርሳ በግቢያቸው ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን ጀልባ ወልውለው ያስገበሩበትና ቤታቸውን ከውርደት ያዳኑበት ዜና ይህ ነው።

እኒህ ጋሼ ሮበሌ፣ አባታቸው በመካኒሳ አቦ አካባቢ ጤፍና ሽንብራ ያርሱ የነበሩ፣ እርሻው ቤትና ሱቅ ከሆነ ወዲህ እርሳቸው ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ጎረቤት የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። ነገር ግን ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለምና፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ጀልባ ያከራይ የነበረ አንድ ወዳጃቸው ሥራውን በዘጋ ጊዜ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላኔ ከጥጃነቷ ጀምረው በእጃቸው ያሳደጓትን የቤቱን የመጨረሻ ላም ሰጥተው፣ በምትኩ አንዲት ነጭ የፋይበርግላስ ጀልባ በአይሱዙ አስጭነው ገቡ። በመካኒሳ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ እንደሌለ አላጡትም። ልባቸው ግን ላንጋኖ ወስጄ በጡረታዬ እቀዝፍባታለሁ ብላ ነበር፤ የላንጋኖም ጉዞ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉ፤ ወይዘሮ ገላኔም የወተት ላስቲክ ከሱቅ ይዘው በገቡ ቁጥር ጀልባይቱን አንድ ጊዜ ባላቸውን አንድ ጊዜ እያዩ ወደ ጓዳ ያልፉ ነበር።

ወእምዝ፣ ማለትም ከዚህ በኋላ፣ ፀሐይ በጀልባይቱ ላይ ጦር መዘዘች። ሸራ ያለበሳት አልነበረምና የላይ ልባሷ ሞተ፤ ወዟ ተገፈፈ፤ ገላዋ ሁሉ ኖራ ሆኖ የነካትን ሁሉ ነጭ ያደርግ ጀመር። ጥቁሯ ድመት ከጎኗ ተሻሽታ ግራጫ ሆና ወጣች። ተከራይዋ ወይዘሮ ዘነቡም ቢሮ ገብተው ሰው ሲስቅባቸው ነው ከወገባቸው በታች ዳቦ ጋጋሪ መምሰላቸውን የተረዱት። ጋሼ ሮበሌ ግን ያን ጊዜም ሸራ አላለበሷትም፤ የራስ ጥፋት ሲነጣ ለባለቤቱ አይታየውምና።

በዚያም ወራት ጸጋአብ የሚባል ሸጋ ወጣት የቤቱን ልጅ ሶፊን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹም በአቶ ቦጋለ መሪነት፣ በጥቁር ሙሉ ልብስ ላይ ጥቁር ኮት ደርበው፣ እሑድ ጠዋት ደረሱ። እንደ ደንቡ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡምና ቆሙ፤ ንግግሩ ረዘመ፤ የአቶ ቦጋለ ጉልበት ደከመ፤ በትህትናም ወደ ኋላ ሸርተት ብለው ጀልባይቱን ተደገፉ። የልጅቱ ወገን ተመካክሮ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ሰጠ፤ ሽማግሎቹም እጅ ነሥተው ወጡ። አቶ ቦጋለ ግን ከአቦ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ጀርባቸው ነጭ፣ ፊታቸው ጥቁር ሆነው ሲሄዱ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ኖራ ፋብሪካ ገብተው የወጡ መሰለው። በነጋታውም መልእክት መጣ፤ አቶ ቦጋለ ቀጠሮውን እንደሚያከብሩ፣ ነገር ግን ያቺ ነገር በዚያው ሁኔታ ካለች ከበሩ እንደማያልፉ የሚያስታውቅ ነበር።

ሶፊ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ወይዘሮ ገላኔ ግን በግቢው መካከል ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ የሚከተለውን አዋጅ አስነገሩ።

«ስማ ሮበሌ። ላሜን ስትወስድ ዝም አልኩህ። የልጄን ሠርግ ግን አልሰጥህም። ያቺ ጀልባህ እስከ እሑድ ወይ ትጸዳለች፣ ወይ በመጋዝ ተቆርጣ ትወጣለች።»

ጋሼ ሮበሌም አዋጁን በሰሙ ጊዜ ልባቸው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ግን ወንድ ናቸውና ክተት አወጁ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ወንድማቸው ለሜሳ፣ የውሃ ጎማ ፊታውራሪ፣ ምክር የማያልቅበት፤ ወይዘሮ ዘነቡ፣ ከራሳቸው ክፍል መስኮት የኤሌክትሪክ ገመድ ያቀበሉ፣ የሶኬት በጅሮንድ፤ እንዲሁም ድመቲቱ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነች እስከ ዛሬ ያልታወቀች።

የመጀመሪያው ጦርነት በሳሙና ሆነ። ጋሼ ሮበሌ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው አሹ፤ ለሜሳም ውሃ ረጨ፤ ከጀልባይቱም ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ወርዶ እስከ ውጭው ቦይ ፈሰሰ። እነሆም ጀልባይቱ አበራች፤ እንደ መስተዋት ሆነች። ጋሼ ሮበሌ በደስታ ወይዘሮ ገላኔን አስጠሩ። ወይዘሮ ገላኔ ግን ሽንኩርት ይከትፉ ነበርና እስኪጨርሱ፣ እጃቸውን እስኪታጠቡ፣ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ፣ ጀልባይቱ ደረቀች፤ በደረቀችም ጊዜ ተመልሳ እንደ ፊተኛው ኖራ ሆነች። ወይዘሮ ገላኔ በጣታቸው ነክተው፣ ጣታቸውን ለባላቸው አሳይተው፣ ተመለሱ። የብርሃኗ ምክንያት እርጥበቱ ኖሯል።

ሁለተኛው ጦርነት በለሜሳ ምክር ሆነ። ለሜሳ፣ እርጥብ ስትሆን የምታበራ ከሆነ የማይደርቅ ነገር እንቀባት ብሎ ተናገረ፤ ነገሩም ለጊዜው ጥበብ መሰለ። የወጥ ዘይት ቀቧት። አበራች፤ አልደረቀችምም። ነገር ግን ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ሁሉ፣ ከሰፈሩም የሚበርረው ዝንብ ሁሉ፣ ጥሪ እንደደረሰው እድምተኛ መጥቶ ሰፈረባት፤ እስከ ምሽትም ጀልባይቱ ቡናማ ሆና ፀጉር አበቀለች። ወይዘሮ ገላኔም ወጥ ሊሠሩ ጀሪካኑን ቢያነሡ ባዶ ሆኖ አገኙት። በዚያን ቀን በዚያ ቤት ምን እንደተባለ ዜና መዋዕሉ አይጽፍም፤ እራት ግን ዳቦ በሙዝ እንደነበረ ይመሰክራል።

ጋሼ ሮበሌ በዚህን ጊዜ ትዕቢታቸውን ጥለው፣ ከጎፋ ሊቀ ፖሊሽ ሃምዛን አስመጡ፤ እርሱም መኪና በማብራት ስሙ የወጣ፣ ስለ ራሱም የማይዋሽ ግን የማይቀንስ ነው። ሃምዛ ዙሪያዋን ዞረ፤ ጀልባ በሕይወቱ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ከመኪና የምትለየው ጎማ ስለሌላት ብቻ መሆኑን አስረዳ። ዘይቱን በሳሙና ካስለቀቀ በኋላ የሞተውን ልባስ እርጥብ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው ኋላም በለስላሳው፣ ፋቀ፤ ቀጥሎም ኮምፓውንድ የሚባለውን የማብሪያ ቅባት ቀብቶ በማሽን ያሽ ጀመር። ማሽኑ ባገሣ ጊዜ ድመቲቱ ጣሪያ ላይ ወጣች። ከኖራውም ሥር እውነተኛው ነጭ፣ ያ በቢሾፍቱ የነበረው ነጭ፣ ብቅ አለ፤ ጋሼ ሮበሌም እንባቸው መጣ፤ ኮምፓውንዱ ዓይኔ ገብቶ ነው ብለው አስወሩ።

ነገር ግን ጀልባይቱ እኩሌታዋ አብርቶ እኩሌታዋ ኖራ ሆና ሳለ መብራት ሄደ። ማሽኑ ዝም አለ። ሃምዛም ጥቂት ጠብቆ፣ ሌላ ቀጠሮ እንዳለው ተናግሮ፣ የቀረውን ኮምፓውንድና አንድ ቆርቆሮ ሰም ትቶላቸው፣ በእጅም ይሆናል፣ ክንድ ይፈልጋል እንጂ፣ ብሎ ሄደ። ለሜሳም ክንዱን አስቦ ጉዳይ ትዝ አለው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋሼ ሮበሌ ብቻቸውን ቀሩ። ጨርቅ ይዘው፣ እያከበቡ፣ እየተነፈሱ፣ ስንዝር በስንዝር አሹ። ትከሻቸው ነደደ፤ ወገባቸው ተንቋቋ። ድንገትም በጀልባይቱ ጎን አንድ ሽበታም ሰው ሲያያቸው አዩ፤ ራሳቸው ነበሩ። ቀዝፌባት አርጅቼ ቢሆን እንኳ ምን ነበር አሉ በሆዳቸው፤ ሳልቀዝፍባት አረጀሁ። እጃቸውም ቆመ።

ያን ጊዜ ከጀልባይቱ ማዶ የጨርቅ ድምፅ ሰሙ። ወይዘሮ ገላኔ የድሮ ሻሻቸውን በሰም ነክረው፣ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው፣ አፍንጫዋን ይወለውሉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣

«ላሚቱ እስከ ዛሬ ብትኖርም አርጅታ ነበር» አሉ።

ጋሼ ሮበሌም የበለጠ አሹ። ፀሐይም ከመግባቷ በፊት በመካኒሳ ውስጥ ከጀልባይቱ የሚያበራ ነገር አልነበረም።

እሑድ ሽማግሎቹ መጡ። አቶ ቦጋለ ከበሩ ላይ ቆመው በጥርጣሬ ተመለከቱ። ጋሼ ሮበሌም ወደ ፊት ወጥተው፣ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አባቶቼ፣ ያለፈው ጥፋት የእኔ ነው። ዛሬ ግን በኮታችሁ ፈትኑኝ።»

አቶ ቦጋለ የጥቁር ኮታቸውን እጅጌ በጀልባይቱ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ። እጅጌውንም ዓይናቸው አጠገብ አምጥተው መረመሩ፤ ለሌሎቹም ሽማግሎች አሳዩ፤ እነርሱም ተቀባብለው አዩት። ጥቁር ነበር። ከዚያም አቶ ቦጋለ ጎንበስ ብለው በጀልባይቱ ውስጥ መልካቸውን ተመለከቱ፤ ክራባታቸውንም አስተካከሉ፤ ቀሪዎቹም ሽማግሎች በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው የየራሳቸውን ክራባት አስተካከሉ፤ የመጡበትም ጉዳይ ለጥቂት ጊዜ ተረሳ።

አቶ ቦጋለ የተረሳውን ሲያስታውሱ እንኳ እጃቸውን ከጀልባይቱ አላነሡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስለ ሶፊ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ቃል ግን ይህቺ ጀልባ ትሸጥ እንደሆነ የሚል ጥያቄ ሆነ። ጋሼ ሮበሌ አንገታቸውን ደፉ፤ አሁን የቤታቸው ሰላም የሚመለስበት ቀን እንደደረሰ፣ አዎን ከማለት በቀር መንገድ እንደሌላቸው ተረዱ። ነገር ግን ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ወይዘሮ ገላኔ ከደረጃው ላይ ቀደሙ፦

«ልጄን ጠይቁኝ እንጂ ጀልባዬን አትጠይቁኝ።»

ሽማግሎቹ ሳቁ፤ ከበሩም ውስጥ ሶፊ ስትስቅ ተሰማ፤ ልጅቱም በዚያው ቀን ተሰጠች። ጋሼ ሮበሌ ግን ምርቃቱንም ጭብጨባውንም አልሰሙም። ጀልባዬ የምትለዋን ቃል ደጋግመው በልባቸው ሲያኝኩ ነበሩ።

እንግዲህ ክብር ለጋሼ ሮበሌ ይሁን፤ ማዕበል በሌለበት መርከበኛ፣ ሠራዊት በሸሸበት ጀግና፣ በአንድ ጨርቅ የዓመታትን ፀሐይ ወደ ኋላ የመለሱ፤ ስማቸው ከላፍቶ እስከ ጎፋ ይጠራ፤ ቀኝ ክንዳቸውም፣ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከትከሻቸው በላይ አልነሣም ያለው፣ ለሠርጉ ጭፈራ ይድረስላቸው፤ አሜን።