ድጋሚ የሌለበት አውራጃ

ለታላላቅ ሰዎች ሐውልት ይቆምላቸዋል፤ ለዱዌይን ሃልቮርሰን ግን ኬክ ነው የተቆረሰለት። የጠረጴዛ እኩሌታ የሚያህል ኬክ ሲሆን በላዩ ላይ በሰማያዊ ስኳር አንድ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ዜሮ። ዱዌይን ከሰው ይልቅ በቆሎ በሚበዛበት አንድ የአሜሪካ አውራጃ፣ በሕፃናት ደኅንነት ቢሮ የቁጥር ባለሙያ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ “ተጎዳ” የተባለ ልጅ ከአውራጃው እንዲጠፋ ያደረገው እሱ ነው። ልጆቹን አልነካም፤ የነካው ቁጥሩን ብቻ ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ከዋና ከተማው በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ተጎድተዋል ተብሎ ከተጠቆመላችሁ መቶ ልጆች ውስጥ በዓመት ውስጥ እንደገና የተጠቆመላቸው ስንት ናቸው? አውራጃው “አሥራ ሰባት” ብሎ መለሰ። መልሱ እውነት ስለነበረ የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ፓትሪስ ኬምፐር ሁለት ቀን ራሳቸውን አመማቸው።

“ዱዌይን፣ የጎረቤት አውራጃዎች ቁጥር ስድስት ነው” አሉት። “እነሱ እኮ የትራፊክ መብራት እንኳ የላቸውም።”

“መርማሪ ብንጨምር ምናልባት…”

“ሰው ጨምር መች አልኩህ? ቁጥሩን እየው ነው ያልኩህ።”

ዱዌይንም አየው። ከድሮ ጀምሮ አንድ ደንብ ነበረ፤ አስተማሪዋም ነርሷም ስለ አንድ ሰንበር በአንድ ቀን ቢደውሉ እንደ አንድ ጥቆማ ይቆጠራል። አስተዋይ ደንብ ነው። አስተዋይ ነገር ሲሰፋ ይበልጥ አስተዋይ ይሆናል በሚል እምነት ዱዌይን አንዱን ቀን ሁለት ሳምንት አደረገው። አሥራ ሰባቱ ወርዶ አሥራ አንድ ሆነ፤ የወይዘሮ ፓትሪስም ራስ ምታት ለቀቃቸው። ሁለቱን ሳምንት ሦስት ወር ቢያደርገው አምስት ሆነ፤ ወይዘሮዋ ለመላው ቢሮ ዶናት ይዘው መጡ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ነገሩ በዚህ መመሪያ ተደመደመ፦ “ልጁ ያው፣ ተጠርጣሪውም ያው እስከሆነ ድረስ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የሚፈጸመው ሁሉ አንድ ድርጊት ነው።” ድጋሚ የሚባለው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የተደረገ ነው፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የተደረገው ሁሉ ደግሞ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ዜሮን ለማግኘት መደመር እንኳ አላስፈለገም።

መመሪያው ሌላም በረከት ነበረው። አዲስ ጥቆማ ሲመጣ መርማሪ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሄዶ ልጁን በዓይኑ ማየት ግዴታው ነው። ወደ ቀድሞው የተጠቃለለ ጥቆማ ግን ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። በዚያ ክረምት፣ መንገዱ በረዶ በሆነበት ወቅት፣ ይህ ለመርማሪዎቹ ደኅንነት ትልቅ እርምጃ ተብሎ ተመሰገነ።

ይህን ዕድገት መረዳት ያቃታት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሎሬታ ፖድላክ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶብስ ነድታለች። በመጨረሻው ፌርማታ፣ ከእህል ጎተራው አጠገብ፣ ጆሊን የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ትሳፈራለች። ሎሬታ በጥቅምት የልጅቷን አንገት አይታ ደወለች። መርማሪ ሄደ፤ የእናትየው ባል “ስትጫወት ወድቃ ነው” አለ፤ መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሎሬታ ስድስት ጊዜ ደወለች። በስድስቱም ሥር “ተጠቃሏል” የሚል ቃልና የዱዌይን ፊርማ አለ። ለሰባተኛ ጊዜ በየካቲት ስትደውል፣ ይህችን ደጋጋሚ እስቲ አንተ አስረዳት ብለው ስልኩን ለራሱ ለዱዌይን ሰጡት።

“የኔ ጌታ፣ ዛሬም ግራ እጇን ማንሳት እንዳቃታት ነው” አለችው። “ቦርሳዋን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ።”

“ወይዘሮ ፖድላክ፣ ይሄ በጥቅምት ከነገሩን ጋር አንድ ድርጊት ነው።”

“በጥቅምት እኮ አንገቷ ነበር።”

“ልክ ነው። ድርጊቱ እየቀጠለ ነው ማለት ነው።”

“እየቀጠለ ከሆነ አታስቆሙትም?”

“እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። የእኔ መቁጠር ነው።”

“እሺ፣ መቼ ነው አዲስ የሚሆንላችሁ?”

“በሚቀጥለው ጥቅምት፣ ዓመት ሲሞላው። ወይም ልጁ ሌላ ከሆነ። ወይም ደግሞ ተጠርጣሪው ሌላ ሰው ከሆነ።”

“ሌላ ሰው ከሆነ” አለች ቀስ ብላ። “ተባረክ የኔ ጌታ፣ አሁን ገባኝ።”

ዱዌይን ስልኩን ዘግቶ ስድስቱን የቀድሞ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ቢሆንም “ተጠቃሏል” ብሎ ፈረመ።

ማግስቱ ዓርብ ነበር፤ የዜሮው ግብዣ ቀን። በአገሩ ልማድ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቤቱ አንድ ሳህን ይዞ መጥቷል፤ የድንች ጥብስ በአይብ፣ የማካሮኒ ሰላጣ፣ ጄሎ የሚሉት ማንም የማይነካው የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ጣፋጭ። ወይዘሮ ፓትሪስ ቢላዋውን እንደያዙ ንግግር አደረጉ።

“በዚህ አውራጃ ሁለተኛ ጊዜ የሚባል ነገር ታሪክ ሆኗል። ከእንግዲህ ማንኛውም ልጅ የሚጎዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።”

ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ሳያበቃ የስልክ ተቀባዩ ወረቀት ይዞ ገባ።

“አዲስ ጥቆማ ነው። ልጅቷ ጆሊን ናት።”

“አጠቃልሏት” አሉ ወይዘሮ ፓትሪስ።

“አይጠቃለልም። ተጠርጣሪዋ ሌላ ናት። ሎሬታ ፖድላክ፣ የአውቶብስ ሹፌሯ።”

“አላልኳችሁም? ሲበዛ የሚቆረቆር ሰው ያስጠረጥራል። ማን ነው የጠቆመው?”

“ሎሬታ ፖድላክ።”

ራሷ ከሳሽ፣ ራሷ ተከሳሽ። ወረቀቱ ተነበበ። “ምን አደረጉ?” ተብላ ስትጠየቅ “ምንም” ብላለች። “ከጥቅምት ጀምሮ የተደበደበች ልጅ በየጠዋቱ እያየሁ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ማታ ማታ መልሼ እዚያው ቤት አወርዳታለሁ። በደንባችሁ ይሄ ቸልተኝነት ይባላል፤ መዝግቡኝ።”

“ሰው ራሱን መጠቆም አይችልም” አሉ ወይዘሮ ፓትሪስ።

መርማሪዋ ማርሲ ሳህኗን አስቀመጠች። “ተጠርጣሪው ሌላ ከሆነ አዲስ መዝገብ ነው። ልጅቷን እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ማየት አለብኝ።” ወደ ዱዌይን ዞረች። “ደንቡን የጻፍከው አንተ አይደለህ?”

ኮቷን ለብሳ ወጣች። የጆሊን እጅ ከተሰበረ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ልጅቷ በዚያው ቀን ወደ አክስቷ ቤት ሄደች።

ሰኞ ቢሮው ሐዘን ተቀመጠ። ሐዘኑ ለልጅቷ እጅ እንዳይመስላችሁ፤ ጆሊን በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ዜሮውን ስላፈረሰች ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ በዚህ ጉዳይ ጥፋቷን አምና የተመዘገበች ብቸኛዋ ሰው ሎሬታ ናት። ማርሲ መዝገቡን ልትጨርስ ቅጿን ይዛ ዱዌይን ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች።

“ተራ ቁጥር አሥራ አራት” አለች። “የልጅቷን ሁኔታ እያወቁ ዝም ያሉ ሌሎች ሰዎች። ስምና ስንት ጊዜ እንደተነገራቸው።”

ወይዘሮ ፓትሪስ በራቸው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። “ዱዌይን፣ በመመሪያው መሠረት መልስ። አንድ ጊዜ ነው።”

ዱዌይን መዝገቡን ከፈተ። ከጥቅምት በኋላ ያሉትን ፊርማዎቹን በጣቱ እየነካ፣ አንዱን ከአንዱ ሳያጠቃልል፣ ከላይ እስከ ታች ወረደ።

“ስም?” አለች ማርሲ።

“ዱዌይን ሃልቮርሰን።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሰባት” አለ።