በጀሪካን የገቡ እንግዶች

…እኔማ ያን ሰዓት እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነኝ፤ በአንድ እጄ አጎበር፣ በሌላው የሚንፈራገጥ አሳ ይዣለሁ። ኧረ እንኳን መጣህ፣ ተቀመጥ! ወሬው ወገቡ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለአንተ ስል ከራሱ እጀምረዋለሁ።

እኛ አገር እንግዳ ሲገባ ብዙ አይጠየቅም። እግሩን አጥበህ፣ መደብ ላይ አስቀምጠህ፣ ያለህን ታቀርባለህ እንጂ «ምን ትበላለህ? መቼ ትሄዳለህ?» ማለት ነውር ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ አባቶች። በአራተኛው ቀን ቤቱን መቆፈር ቢጀምር ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም። ይኸው ጉድ በእኔ ደረሰ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ፣ ከመንደራችን ራስጌ ጨፌ አለ። መሐሉ ኩሬ ነው፣ ዙሪያው ደንገል፣ ከግርጌው ደግሞ የምንጠጣው ምንጭ። መንግሥት ታፔላ ተክሎበታል፤ «ጥብቅ ሥፍራ። ከብት ማስገባት፣ ማረስ፣ ማጨድ ክልክል ነው» የሚል። ከታፔላው በፊት ግን አያ ስንሻው ነበሩ። አያ ስንሻው የውሃ አባታችን ናቸው፤ መንደሩ መርጧቸው ውሃ የሚያካፍሉ ሽማግሌ። ጥምቀት ሲያልፍ የኩሬውን አፍ በዶማቸው ይከፍቱና ዛሬ ለእገሌ ድንች፣ ነገ ለእገሊት ጎመን እያሉ በተራ ይለቃሉ። ኩሬው ውስጥ አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለች። ውሃው ጎድሎ አናቷ ብቅ ሲል ይዘጋሉ። አለቀ። ወንድማቸው ቢያለቅስ፣ ሊቀ መንበሩ ቢቆጣ አይከፍቱም።

«ከድንጋይዋ በታች ያለው የእኛ አይደለም» ይላሉ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የጨፌው።»

እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን ጥዬ፣ በማርቆስና በባሕር ዳር መሐል የመኪና ረዳት ሆኜ የምከንፍ ጎረምሳ ነኝ። አሳ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ በጾም ወራት የከተማው ሆቴል እንዴት እንደሚሻማበት በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ኩሬ አለን። አሳ የለንም። ሌላ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? አንድ አሳ የሚያረባ ወዳጄ ጣት የሚያክሉ ጫጩቶች በጀሪካን ሞላልኝና «ይኼ ካርፕ ይባላል፤ የአገራችን ዘር አይደለም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የትም ይኖራል፣ ያገኘውን ይበላል» አለኝ። ዛሬ ሳስበው ማስጠንቀቂያ ነበር። ያኔ ግን ምርቃት መሰለኝ።

ጀሪካኑን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ፣ በየኬላው ክዳኑን ከፍቼ እያናፈስኩ አደረስኳቸው። ታፔላውን ደግሜ አነበብኩት። ከብት ይላል፤ አሳ አይልም። ትምህርት ባቋርጥም ታፔላ ማንበብ አያቅተኝም። ማንም ሳያየኝ ለቀቅኳቸው።

ሁለት ክረምት አለፈ። በመንገድ ሥራ ከርሜ ለፋሲካ ስመለስ በቀጥታ ወደ ኩሬዬ ሮጥኩ። ክው ብዬ ቀረሁ! እንደ መስተዋት ፊት ያሳይ የነበረው ውሃ አተላ ሆኗል። ደንገሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ተንሳፍፏል። ደንገሉ ውስጥ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት ዝዮች የሉም። እንግዶቼ ክንድ አክለዋል፤ እንደ ከርከሮ ጭቃውን በአፋቸው ይቆፍራሉ። ከግርጌ፣ ምንጩ ዘንድ፣ ሴቶቹ የሚጠጣውን በነጠላ ያጠልላሉ።

የባሰው እሑድ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተሰበሰበ፤ አያ ስንሻውን ሊሽር። «ከድንጋይዋ በታች ለቀው ነው» አለ አንዱ። «አይ፣ ከብት አስገብተው ነው» አለ ሌላው። ቄሱ ሊያበርዱ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጆቼ» ቢሉ፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ እንስራዋን ዘቅዝቃ ጭቃውን አፈሰሰችና «ጥሩው የት አለና፣ አባ?» አለች።

አያ ስንሻው አልማሉም፣ አልተከራከሩም። ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ዶማ መሐል ላይ አስቀመጡና «ሌባ ካላችሁኝ ውሰዱት» አሉ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን ነህ?»

«አሳ… አሳ አስገብቼበታለሁ።»

ስድቡ ብዙ አልዘገየም። «አሳ ቸገረን ብሎ የነገረህ ማነው፣ አንተ መዓተኛ?» አለች እትዬ ጥሩዬ፣ ባዶ እንስራዋን እያነሳች።

ፍርዱ ኩሬው እስከ ወለሉ እንዲደርቅ፣ አሳውን በሙሉ እኔ እንድለቅም ሆነ። የውሃውን አፍ የሚከፍተው ግን ከአያ ስንሻው ሌላ ማን ነው? ዶማቸውን መልሰው ሰጧቸው። እሳቸውም ፎጣቸውን ከራሳቸው አውርደው፣ ድንጋይዋን «ይቅር በይኝ» አሏት፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ በታች ለቀቁ። ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ «አፈር ገባብኝ» አሉ።

ቦዩን አንዲት ጫጩት እንዳታመልጥ በአጎበር ዘጋሁት። ሦስት ቀን ለቀምኩ። የመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ አያ ስንሻው ቅላቸውን አንጠልጥለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየሁ፤ ውሃ ጠምቷቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ማምሻውን ደክሞን አብረን ወደ መንደር ወረድን።

«አንድም አልቀረም፣ አያ» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ከኩሬውማ አንድም» አሉ። ጥቂት ሄድ ብለው ቆሙ። «እንዳትቆጣኝ እንጂ ልጄ፣ ሁለቱ ትንንሾች አፋቸውን እየከፈቱ ሲያዩኝ አንጀቴ አልቻለም። በቅሌ ይዤ ጨሞጋ ወንዝ ለቀቅኳቸው። መቼም ወንዝ ሰፊ ነው፣ ሁለት እንግዳ አያጣብበውም።»