ሁለት መቶ አሥር በመቶ

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ የሚጀመሩት በስብሰባ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ በ1974 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ባሕር ዳር ከተማ ከጣና ዳር ብዙ ሳይርቅ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው በለቀቀው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው መድረክ ላይ የሚነገረው አንድም ቃል አይሰማም። ሰዉ ግን ያጨበጭባል። ለሰሙት ማጨብጨብ ማንም ይችላል፤ ላልሰሙት ማጨብጨብ ነው ንቃት የሚባለው።

ዝናቡ ጋብ ሲል የተሰማው ይህ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አስማማው ለአብዮቱ በዓል የመቶ ሜትር ሩጫ እንዲደረግ ወስነዋል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሯጭ ያቀርባል።

«በአፈጻጸም አንደኛ የሚወጣ ጓድ ይሸለማል» አሉ ጓድ አስማማው። «በአፈጻጸም መጨረሻ የሚወጣውስ? አይቀጣም። አብዮቱ አይቀጣም፣ ያስተምራል። ስለዚህ ደልጊ ቅርንጫፍ ተመድቦ ወደ ሰፊው ሕዝብ እንዲጠጋ ይደረጋል።»

ደልጊ ከሐይቁ ማዶ ናት። ሰዎቿ ደጎች፣ ዓሣዋ የሰባ ነው። ግን ጀልባው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ነፋሱና ናፍጣው ከተስማሙ ነው የሚሄደው። የደልጊ ቅርንጫፍ ወንበር ሰው ካጣ አሥራ አንድ ወሩ ነበር፤ እንግዲህ ሰፊው ሕዝብ ያን ያህል ጊዜ የሚጠጋው አጥቶ ከርሟል ማለት ነው።

ሣህሉ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ከጠረጴዛው እስከ መደርደሪያው ካልሆነ ሮጦ የማያውቅ ሰው።

«የመዝገብ ቤት ክፍል ማንን ያቀርባል?» ሲሉ ጠየቁ ጓድ አስማማው። «የክፍሉ አባላት ተወያይታችሁ አሳውቁ።»

«ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ፣ ጓድ።»

«ይወያዩ እንግዲህ።»

ሣህሉ ለወጉ ያህል አቀርቅሮ ትንሽ ቆየ።

«ተወያየሁ፣ ጓድ።»

«በሙሉ ድምፅ ነው?»

«አንድ ድምፅ ተአቅቦ ነበር፤ በኋላ ግን ተስማማ።»

በዚህ ዓይነት ታሪክ ሣህሉን መረጠ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ባንቺአየሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽሮ ስትነፋ አገኛት። ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ስለት ያልገባችበት ደሴት፣ ያልጠጣችው ጠበል የለም። በዚያ ዓመት ነው እግዜር ያያት፤ ሆዷ ገፍቶ ለጥቅምት ትጠብቅ ነበር። ሣህሉ የስብሰባውን ነገር አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ወንፊቱን አስቀመጠችና «ደልጊን አልጠላሁም» አለች። «ግን አሥራ አራት ዓመት ጠብቄ፣ ልጄ ስትመጣ ያባቷን ፊት ትተው ጀልባ የሚያመጣው ደብዳቤ ያሳዩዋት?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት።»

«አንደኛ ውጣ አላልሁህም። አንድ ሰው ብቻ ቅደምልኝ። የቀረውን ለእመቤቴ ተወው።»

እንግዲህ የሣህሉ ጠቅላላ ትግል ይህች ነበረች፤ አንድ ሰው።

በማግስቱ የዝግጅት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት ንዑስ ኮሚቴ ወለደ፤ የጫማ፣ የምግብና የንቃት። ሯጮቹ ከሦስቱም ስብሰባ እንዳይቀሩ ታዘዘ። ስለዚህ ሰኞ ስለ ጫማ ተቀምጠው ተወያዩ፣ ረቡዕ ስለ ምግብ ተቀምጠው ተወያዩ፣ ዓርብ ስለ ሩጫ ምንነት ተቀምጠው ተማሩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከስድስቱ ሯጮች እግሩ ያልደነዘዘ አልነበረም።

የጫማ ንዑስ ኮሚቴ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ አስገኘ። አንድ ጥንድ ለስድስት ሰው ስለማይበቃ፣ አድልዎ እንዳይፈጠር በካዝና ተቆለፈበት።

የምግብ ንዑስ ኮሚቴ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሯጭ በቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወሰነ፤ በኮሚቴው ፊት የሚበላ። ይህ ውሳኔ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ አንድ ቀን ነው። ፍልሰታ ያዘ ማለት ነው! ሣህሉ የቄስ ልጅ ነው፤ ፍልሰታን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አፍርሶ አያውቅም። ጾመኛ ነኝ ቢል ኋላ ቀር ሊባል ነው፤ ቢበላ ደግሞ ባንቺአየሁ የተሳለችላትን እመቤት ሊያስቀይም። ስለዚህ እንቁላሉን አፉ ድረስ ያደርስና ኮሚቴው ዞር ሲል አጠገቡ ለተቀመጠው ለአገኘሁ እጅ ያቀብላል።

አገኘሁ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ ገና ሚስት ያላገባ። መኪናው ከተበላሸች ሁለት ዓመት ስላለፋት መልእክቱን ሁሉ የሚያደርሰው በእግሩ ነበር።

«ጋሼ ሣህሉ፣ እኔ እኮ እየወፈርሁ ነው» ይላል በሹክሹክታ።

«ብላ ልጄ፣ ብላ። የኔን ጾም የምትበላው አንተ ነህ።»

ለልምምድ የቀረው ጊዜ በየማለዳው ከስብሰባ በፊት ነው። ሣህሉ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሐይቁ ዳር ወጣ። ጭቃው ይይዛል፣ ደንገሉ ጠል ያራግፋል፣ ሻላዎቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው እንደ ዳኛ ያዩታል። ሃምሳ እርምጃ እንደ ሮጠ የቀበሌው ጥበቃ አዘዘ ጠመንጃውን ይዞ ከሾላው ሥር ብቅ አለ።

«ቁም። ማነው የሚያሳድድህ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳያሳድድህ ትሮጣለህ?»

«ልምምድ ነው፣ ወንድሜ።»

«የምን ልምምድ?»

«የሩጫ።»

«አሁን የምትሠራውስ ምንድን ነው?»

«እሱም ሩጫ ነው።»

አዘዘ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «የሚሸሽ ሰው እንኳ ዓላማ አለው» አለ። «ያንተው ግን አላማረኝም። ወረቀት አምጣ።»

ሣህሉ ወረቀት ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ተመላለሰ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ጓድ ሣህሉ የሚሮጡት ከማንም ሸሽተው ሳይሆን በመመሪያ መሆኑን እንገልጻለን።» ማኅተሙ ሁለት ነው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሲሮጥ አዘዘ ያስቆመዋል፣ ወረቀቱን ያነብባል፣ ይመልስለታል። ማንበብ የተማረው በቅርቡ በመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደል በፊደል ነው የሚያነብበው፤ «በ…መ…መ…ሪ…ያ» እስኪል ፀሐይ ትወጣለች። አዘዘ በዚያ ክረምት ንባቡ እጅግ ተሻሻለ። ስፖርት ለልማት ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የዕቅድ ክፍሉ ሠራተኛ ክንዱ የሯጭ ቅጽ በአራት ኮፒ ይዞ ዞረ። ክንዱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ይወድዳል እንጂ።

«መቶውን ሜትር በስንት ሴኮንድ ለመፈጸም ታቅዳለህ?»

ሣህሉ ሴኮንድ ምን እንደምታህል በደንብ አያውቅም። «ሃያ ቢሆንስ?» አለ።

«ሃያ ጥሩ ቁጥር ነው። ሙሉ ነው።» ክንዱ ቁጥሩን ስለወደደው የስድስቱንም ዕቅድ ሃያ አደረገው።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው ሐይቁ ዳር ነው፤ መነሻውም መድረሻውም በኖራ ተሰመረ። የእንግዶቹ ድንኳን ስድሳኛው ሜትር ላይ ተተከለ። የንቃት ንዑስ ኮሚቴ የመጨረሻ መመሪያ አነበበ፦ «ከድንኳኑ ፊት ሲደርሱ ግራ እጅን ማንሳት፤ መዝሙር ከተሰማ ቀጥ ብሎ መቆም።» ስድስቱም ገባን አሉ።

ጥይት ተተኮሰ። አገኘሁ እንደ ወስፈንጥር ተፈተለከ፤ በሃምሳ ስድስት እንቁላል የሚሮጥ ሰው ማን ይይዘዋል? ሦስቱም ተከተሉት። ከኋላ የቀሩት ሣህሉና የንብረት ክፍሉ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ ክረምት ክረምት አይታዘዘውም።

ሣህሉ ሁለት እርምጃ መራው። ከዚያ ሦስት። ባንቺአየሁ ከገመዱ ማዶ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለች ስትቆጥር ሰምቷታል። ሳንባው ይፏጫል፣ ልቡ ግን ይስቃል፤ ዕድሜ ልኩን መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው፣ እግሩ የራሱ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀው።

ስድሳኛው ሜትር ላይ ሲደርስ የሙዚቃው ጓድ አንደኛው የገባ መስሎት መዝሙሩን ጀመረ።

አራቱ ቀድመው አልፈዋል። ተክለ ጊዮርጊስ አንድ ጆሮው አይሰማም። ሣህሉ ግን ሰማ። የታዘዘውን ሳይፈጽም አድሮ የማያውቅ ሰው ነውና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግራ እጁንም አነሳ። ተክለ ጊዮርጊስ እያነከሰ አጠገቡ ደረሰ፣ በርኅራኄ አየው፣ አለፈው። የባንቺአየሁ ቆጠራ ቆመ። መዝሙሩ አንድ አንጓ እስኪያልቅ ሣህሉ እጁ አልወረደም፤ እንባው ግን ወርዷል።

ሲገባ የክንዱ ሰዓት አርባ ሁለት ሴኮንድ ይል ነበር።

ያን ሰሞን ባንቺአየሁ የደልጊ ቆፈን ይበረታል ብላ የጋቢውን ጫፍ መስፋት ጀመረች። ይህ ከስድብ ሁሉ ይብሳል።

በሳምንቱ የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። ክንዱ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በዘንግ እያሳየ ማንበብ ጀመረ።

«ጓድ አገኘሁ። ዕቅድ ሃያ፣ ክንውን አሥራ ሦስት። አፈጻጸም ስድሳ አምስት በመቶ።»

ስድሳ አምስት በመቶ በሲሚንቶም ሆነ በስንዴ ያሳፍራል።

«ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ። ዕቅድ ሃያ፣ ክንውን አሥራ ዘጠኝ። ዘጠና አምስት በመቶ። የሚያበረታታ ነው።»

ሦስቱ ሰባና ሰማንያ ቤት ቀሩ። ክንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጓድ ሣህሉ። ዕቅድ ሃያ፣ ክንውን አርባ ሁለት። ሁለት መቶ አሥር በመቶ።»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አገኘሁ እጁን አወጣ።

«ጓድ፣ በሩጫ ጊዜው ሲያንስ እኮ ነው የሚሻለው።»

«በምን ሥራ ነው ትንሽ መሥራት የሚሻለው?» ጓድ አስማማው ጠየቁ።

«እኔ እኮ ቀደምሁት፣ ጓድ።»

«ዕቅዱንስ ቀደምኸው? ግለ ሂስ አድርግ።»

አገኘሁ ግለ ሂስ አደረገ። በፍጥነት መሮጡ ከግለኝነት የመነጨ መሆኑን አምኖ፣ ለዚህም ያበቃው እንቁላል ማብዛቱ መሆኑን ሳይደብቅ ተናገረ። ለደልጊ ቅርንጫፍ ሾፌርነት ተመደበ፤ መኪናው ወደፊት ይላክለታል ተባለ። ሣህሉ ሊነሳና ነገሩን ሊያቃና ሞክሮ ነበር። አገኘሁ ኮቱን ይዞ አስቀመጠው።

«ተወው ጋሼ፤ እኔን የሚጠብቀኝ ልጅ የለም።»

ሣህሉ በአንደኛነቱ የተሸለመውን የአብነት ሠራተኛነት የምስክር ወረቀት ይዞ ቤቱ ገባ። ባንቺአየሁ ሁለቴ አስነበበችው። «መጨረሻ ወጥተህ አንደኛ ወጣህ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀች። ጋቢው ላይ የነበረውን መርፌ ነቀለች።

ጥቅምት ገባ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ «የጓድ ሣህሉ ተሞክሮ እንዴት ይስፋፋ» በሚል ርእስ ስብሰባ ተቀምጠው ሳለ፣ የባንቺአየሁ ጎረቤት ውዴ በመስኮት አንገቷን አስገባችና «ሣህሉ፣ ምጡ መጣ» አለችው።

ሣህሉ አልተወያየም። ወንበሩን ገልብጦ፣ ከአዳራሹ ደጃፍ እስከ ግቢው በር በረረ። ጋሪ ይዞ፣ ባንቺአየሁን ደግፎ፣ ሐኪም ቤት አደረሰ። ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ተወለደች። ወሩ የፅጌ ነውና ፅጌ ማርያም አሏት። መጀመሪያ ያየችው ፊት ያባቷን ነው።

ወዳጆቼ፣ ደስታ ሰውን ያዘናጋል። ክንዱ ከደጃፉ እስከ በሩ መቶ ሜትር መሆኑን ያውቃል፤ ሣህሉ ሲነሳም በልማድ ሰዓቱን አይቶ ነበር። አሥራ አራት ሴኮንድ። ሰባ በመቶ። በአብነት ሠራተኛነት የተሸለመ ሰው፣ በአደባባይ፣ በሥራ ሰዓት!

ደብዳቤው ወዲያው ተጻፈ፦ «ጓድ ሣህሉ ያስመዘገቡትን ከፍተኛ አፈጻጸም ሆን ብለው በማሽቆልቆላቸው በጓድ አገኘሁ ምትክ ደልጊ ተመድበዋል። ይህ ትእዛዝ በመዝገብ ቤት ተመዝግቦ ቁጥር ከተሰጠው ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል።»

እንደ ደንቡም ለመዝገብ ቤት ተላከ። መዝገብ ቤት ማለት ሣህሉ ነው።

ሣህሉ አነበበው። የክፍሉን ዕቅድ አውጥቶ አየ፤ «አንድን ደብዳቤ መዝግቦ ቁጥር ለመስጠት፣ አንድ ቀን» ይላል። ብዕሩን አነሳ፣ ቀለም አጠቀሰ፣ የቀኑን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈና አስቀመጠው።

በወሩ ክንዱ መጣ።

«ያ ደብዳቤ ከምን ደረሰ?»

«እየሠራሁት ነው።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሠላሳ።»

ክንዱ በልቡ አሰላ። ፊቱ እንደ መስከረም ሰማይ በራ። «ሦስት ሺህ በመቶ» አለ ቀስ ብሎ። «ሣህሉ፣ ማንም እንዳያቋርጥህ እነግራለሁ።»

ከደልጊም የአገኘሁ ወረቀት መጣ፦ «ጋሼ ሣህሉ፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ አግብቻለሁ፤ መኪናው አልመጣም፤ እባክህ አትቸኩል።»

ሣህሉም አልቸኮለ። ፅጌ ማርያም ዳኸች፣ ቆመች፣ ጥርስ አወጣች፣ ነቀለች፣ ትምህርት ቤት ገባች። በየዓመቱ በበዓሉ ዕለት ጓድ አስማማው እንግዶቹን መዝገብ ቤት ድረስ ይዘው ይመጣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ ያሳያሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አልሠራም።