ምንም የማይሠራው ይውጣ ያልኩ ለታ

ምክር ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ሳይጠይቁኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ አፌ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የተወለደው።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ሥራዬ በር ላይ መቀመጥ ነው። ሌባ ሲመጣ መነሳት። ሌባው ግን ዝናዬን ሰምቶ ነው መሰል ድርሽ ብሎ አያውቅም። ከመቀመጥ ብዛት በርጩማው የእኔን ቅርጽ ይዞ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል ባለሙያ መጣች። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ይዛለች። ሳጥኗ ስንዴው ሲግል አውቃ ማራገቢያውን ታስነሳለች፣ ሲቀዘቅዝ ታጠፋለች ተባለ። ከጮሌ ወረዳ በጭጋግ ተጭኖ የመጣ ስንዴ መጋዘን ገብቶ እንዴት እንደሚግል የሚያውቅ ያውቃል። እኔ ብል ማን ያምነኛል እንጂ እንቁላል ቀቅዬበታለሁ።

ችግሩ የሳጥኗ ጭንቅላት ጠባብ ነው። በዚህ እንኳ ተዛምደናል። ወይዘሪት አልማዝ እንዳስረዳችኝ፣ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ተራ እየሰጠ የሚያሠራ አንድ አለቃ ፕሮግራም አለ፤ አስኳል ትለዋለች። አስኳሉ የተሠራው ለትልቅ ኮምፒዩተር ስለሆነ ትንሿ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የማያስፈልገውን እየቆረጡ ማሳነስ ነው።

የምትሠራው ከበሩ አጠገብ ባለው ክፍል ነበር። እኔም በመስኮት ራሴን አስገብቼ ማማከር ጀመርኩ። ሳጥኗ ስክሪን የላትም? እንግዲያው ስክሪን የሚያበራው ይውጣ። ማተሚያ የላትም? የማተሚያው ይውጣ። ብዙ ሰው ባንዴ የሚያስተናግደውስ? አንድ ማራገቢያ ያላት ሳጥን ማንን ልታስተናግድ ነው፣ ሠርግ አለባት እንዴ? ይውጣ። ልጅቷ እነዚህን ሁሉ ከምክሬ በፊት ቆርጣቸው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን አስኳሉ ለመግባት ትንሽ ብቻ ቀረው። ያን ለታ የመጋዘኑ አለቃ፣ ጓድ ኃላፊ፣ ሊጎበኙ መጡ። እጃቸው ላይ ደብዳቤ አለ። ከመጋዘኑ አንድ ትርፍ ሠራተኛ ተመርጦ ዲክሲስ ወረዳ ሄዶ ኩንታል ተሸካሚ ይሁን የሚል ነው። ይህን መጋዘኑ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ወገቤም ያውቃል።

ወይዘሪት አልማዝ ወረቀቷን እያየች፣ "እዚህ አንድ ምንም የማይሠራ አለ" አለች። "ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሥራ ሲያጡ ተራውን ይቀበልና እስኪጠሩ ድረስ ይቀመጣል።"

"ታዲያ እስካሁን ምን ያስቀምጠዋል?" አልኳት። "ሌላው እየደከመ እሱ ተጎልቶ የመንግሥት ቦታ ይይዛል? ዛሬውኑ ይባረር።"

ጓድ ኃላፊ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ከዚያ በርጩማዬን አዩ። ከዚያ ደብዳቤውን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

"እስቲ ጋሽ ሽብሩ እንዳሉት እንሞክረው" አለችና ልጅቷ ቆረጠችው። የሙቀት መለኪያዋን ትኩስ ሻይ ውስጥ ነከረቻት፤ ማራገቢያው ተነሳ። አወጣቻት፤ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ የለም፣ ተራ የሚቀበልም የለም፤ ሳጥኗ ደርቃ ቀረች። ደግመን ሻይ ውስጥ ብንነክራት ወይ ፍንክች። ሌላ ሻይ አስመጣን። እሱንም እኔ ጠጣሁት።

ልጅቷ ምንም የማይሠራውን ወደ ቦታው መለሰችው። በምትኩ ሳጥኗ ስትነሳ ማንም ሳያነበው የምትደረድረውን ረጅም ሰላምታ ቆረጠች፤ አስኳሉ ልክክ ብሎ ገባ። ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና ሳይባባሉ ሥራ መጀመር በእኛ በአርሲ ነውር ነው። ያን ቀን ግን ነውሩን ወደድኩት።

"አዩ ጓድ ኃላፊ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ቤቱን ያቆመው ለካ ምንም የማይሠራው ነው።"

ጓድ ኃላፊ ወደ ልጅቷ ዞሩ። "ይሄ የሚቀመጠው፣ ሲጠሩት ለመነሳት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"በዓይን ጥቅሻ ነው የሚነሳው" አለች።

"አንተ ሽብሩ፣ ትናንት ከሰዓት ስንዴ የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ ጠራሁህ?"

መዋሸት አልወድም። "እኔ የሰማሁት አምስተኛውን ነው" አልኩ።

ዲክሲስ ነፋሻ አገር ነው። ኩንታሉም እንደ ሌላው አገር ኩንታል ነው፤ ከሥሩ ሆነው ሲያዩት ብቻ ይበልጣል። ማንንም አልወቅስም። ምንም አለመሥራት ራሱን የቻለ ሥራ ኖሯል፤ እሱንም በደንብ ሳልሠራው ቀረሁ።